ድንጋይ የተቀመጠበት ቦታ

ካርቱም፣ ኅዳር 8 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእታለም ጥሩአየሁ፣

እንደምን ከርመሻል? ሰሊጡ ሳይረግፍ ገባልሽ ወይ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም። ደብዳቤሽን ነጋዴው አብዱልሀኪም ከሸቀጡ ጋር ይዞልኝ መጣ። ቁጭ ብሎ ሻይ ጠጥቶ፣ ስለ አንቺ የጠየቅኩትን ሁሉ መልሶልኝ ነው የሄደው። ፊደልሽ ከአምናው እጅግ አምሯል። መሠረተ ትምህርት የገባሽ ሰሞን የላክሽልኝን ለማንበብ ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ እንደነበር አልደብቅሽም።

ድሮ ደብዳቤዬን የሚያነብልሽ መሪጌታ ፈንቴ ነበሩ። አሁን በርሽን ዘግተሽ ብቻሽን ታነቢያለሽ አለኝ አብዱልሀኪም። ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር አሰብኩ። መሪጌታ ፈንቴ ክፉ ነገር ከገጠማቸው ዋጥ አድርገው፣ 'ሁሉም ደህና ነው ይላል' ብለው አጥፈው፣ ሽማግሌ ሰብስበው በማለዳ ይመጡ ነበር። የአባታችንን መርዶ እንደዚያ አይደል የሰማነው? አሁን በአንቺና በወረቀቱ መካከል ሰው የለም።

ከነጋ እስከ መሸ ምን እንደምሠራ ጠይቀሽኛል። ሹፌር ነኝ ብዬሽ ነበር፤ እውነቱን ንገረኝ ካልሽ ግን ሥራዬ መኪና ማቆሚያ መፈለግ ነው። አሳዳሪዬ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ጠዋት ሱቁ በር ላይ አወርደዋለሁ፤ ይኼ ከዓይን ጥቅሻ አይረዝምም። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን በሙሉ ቶዮታውን የማሳርፍበት ቦታ ፍለጋ ነው። ጥላው ጎን ገና ሳይነጋ ተይዟል። ፀሐዩ ጎን ከቆምኩ ደግሞ ስመለስ መሪው እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ በነጠላዬ ጠቅልዬ ነው የምይዘው። እሱም ቢሆን አይገኝም። ቁልፍ እያሽከረከረ የሚሄድ ሰው ካየሁ፣ መኪናውን ሊያነሳ ነው ብዬ ቀስ እያልኩ ከኋላው እከተለዋለሁ። ሰውዬው መኪናው ጋ ይደርሳል፣ በሩን ይከፍታል፣ የረሳውን መነጽር ያወጣል፣ መልሶ ይቆልፋል። እኔን ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። መንገድ መሐል ትቶ መሄድ እንዳትዪኝ፤ ትራፊኩ ታርጋ ይፈታል፣ ታርጋ ከተፈታ ሥራዬም አብሮ ተፈታ።

ልሳቅብህ ካልሽ ይህንን ስሚ። እንደመጣሁ ሰሞን አንድ ባዶ ቦታ አገኘሁ። መሐሉ ላይ ደህና ድንጋይ ተቀምጧል። እኛ አገር ሰሊጥ የጫነ መኪና ስናቆም ጎማው ሥር ድንጋይ እንደምንወትፍ ታውቂያለሽ። አንዱ ሹፌር ድንጋዩን ረስቶት ሄዷል አልኩና መርቄው፣ አቁሜ፣ ድንጋዩን ጎማዬ ሥር ወተፍኩት። ባለሱቁ ዱላ ይዞ ወጣ። ለካ እዚህ ድንጋይ ማለት 'ይህ ቦታ የእኔ ነው፣ የምጠብቀው ሰው አለ' ማለት ነው።

ስለ ልጅሽ ስለ ውባንተ ለጠየቅሽኝ፣ ላኪው። ለምን አሁኑኑ እንዳልሽ ግን ጻፊልኝ፤ አጨዳው ሳያልቅ ክንድሽን ቆርጠሽ መላክሽ አሳሰበኝ። ከገዳሪፍ የሚነሳው ሎሪ ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ገበያ ይራገፋል። እኔ እዚያው እጠብቀዋለሁ። እንዴት እንደምለየው ንገሪኝ፤ እኔ የማውቀው ጭኔ ላይ ተቀምጦ የሎሪ መሪ ካልያዝኩ እያለ የሚያለቅሰውን ነው።

ወንድምሽ ቢሻው

*

ኮኪት፣ ኅዳር 24 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም ቢሻው፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ያንተን የድንጋይ ነገር ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ፍየሏ እንኳ ቀና ብላ አየችኝ። ይህን ሁሉ ሜዳ ይዞ ለመኪና ቦታ የሚያጣ አገር አለ ብል የሚያምነኝ አላገኘሁም። አያ ፈረደ 'ቢሻው ድሮም ሥራ ሲጠላ ሰበብ አያጣም' አሉ። ደጄ ያለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ሎሪህን ስታቆም የዘይቱ ጠብታ ያጠቆረው መሬት እስካሁን ሣር አላበቀለም።

ለምን አሁኑኑ ላልከኝ፣ የውትድርና አፈሳው በርትቷል። መጀመሪያ ከደጋ ለአጨዳ ሥራ የወረዱትን ሳሉጎች ከማሳ ላይ ማጭዳቸውን እያስጣሉ ወሰዷቸው። ከአብደራፊ የመጡ ሰዎች እዚያም እንደዚሁ ነው አሉ። ባለፈው ሳምንት የባልንጀራዬን የሀብትነሽን ልጅ ከወፍጮ ቤት፣ ዱቄት እንደተሸከመ ያዙት። እኔ ከውባንተ ሌላ ማን አለኝ? አባቱን የቀበርኩት ይበቃኛል። አጨዳውን በደቦም ቢሆን እወጣዋለሁ።

በዓታን ከእኔ ጋር ውሎ ማግስቱን ይወጣል። ወደ ሱዳን እርሻ ከሚሻገሩ ሠራተኞች ጋር በእግሩ እስከ ገላባት ይሄዳል፤ ከዚያ ሎሪ ነው። ይህን ደብዳቤ አብዱልሀኪም ቀድሞት ያደርስልሃል። ታኅሣሥ 7 ሐሙስ እዚያ ነው። ቁመቱ የአባቱ ነው። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ጋቢ ለብሷል፤ እኔው የፈተልኩት ነው። ግንባሩ ላይ እርፍ የመታው ምልክት አለው። አደራ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ አጎትህ እስኪመጣ ከወረድክበት ንቅንቅ እንዳትል ብዬዋለሁ። ውባንተ ቃሌን አያጥፍም። ቆሞ ይጠብቅሃልና እንዳታስቆመው።

እህትህ ጥሩአየሁ

*

ካርቱም፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእታለም፣

እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ውባንተም ደህና ነው፣ ሁላችንም ደህና ነን። ልብሽ እንዳይንጠለጠል ብዬ አስቀድሜ ጻፍኩልሽ።

ሐሙስ ዕለት ማቆሚያ እንደዚያ ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ገበያውን ስንት ጊዜ እንደዞርኩት ልቤ ያውቃል። አንድ ቦታ የግመል ገመድ የምታህል ጠባብ ነገር ተገኝታ ነበር፤ ከኋላዬ የመጣ ታክሲ ቀደመኝ። ወደ መስጊዱ በኩል ሄድኩ፣ እዚያ የሬሳ አጃቢ ሞልቶታል። ወደ ወንዙ በኩል ወረድኩ፣ ፖሊሶች 'ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ እለፍ' አሉኝ። በመጨረሻ አንድ ሱቅ ፊት ለፊት ድንጋይ አየሁ። አንስቼ ወደ ዳር አደረግኩት። ባለሱቁ ወጥቶ ኮሌታዬን ያዘኝ፤ እኔም ጮህኩበት፤ ሰው ተሰበሰበ። ብቻ ምን አለፋሽ፣ ብዙ ቆየሁ። መኪና የሚባል ነገር ባይፈጠር ኖሮ ደግ ነበር።

ውባንተ በልቶ ተኝቷል። መንገዱ አድክሞታልና በእጁ አልጻፈልሽም። አትቀየሚው። ወደ ፊት ዳቦ ቤት ሥራ የሚያገኝ ይመስለኛል። ደህና ነው። አታስቢ።

ወረቀቱ ስላለቀብኝ ይቅርታሽን።

ቢሻው

*

ኮኪት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ። ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ስለ መኪናው ገጽ ሙሉ ጽፈህ ስለ ልጄ የጻፍከው ግን ከጣቴ አይረዝምም፤ ገና ሳገኝህ ጆሮህን አልለቅህም። ቢሆንም 'በልቶ ተኝቷል' የምትለዋ ትበቃኛለች። ትራሴ ሥር አድርጌያት ነው የማድረው።

ደብዳቤህ የደረሰው በስንት ጭንቅ ላይ እንደሆነ ብታውቅ። ገንዳ ውሃ ሻይ የምትሸጠውን ዋሲላን ታስታውሳታለህ? መጥታ፣ 'ልጅሽን ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ካፈሷቸው ልጆች ጋር አይቼዋለሁ' አለችኝ። መቀመጫ አጣሁ። አያ ፈረደና አያ አዛናው ሊቀመንበሩን ጠይቀው፣ 'የመበለት አንድ ልጅ ነው ብለው ሦስት ሽማግሎች ቀርበው ከመሰከሩ ወደ ጦር ሰፈር ሳይጫን እለቀዋለሁ' ብሏቸው ነበር። መሪጌታ ፈንቴ ሦስተኛ ሊሆኑ ተስማሙ። ሰኞ ሊሄዱ በቅሎ ሁሉ ተለምኖ ነበር። እሑድ ከሰዓት አብዱልሀኪም ያንተን ደብዳቤ ይዞ ከተፍ አለ።

ሽማግሎቹን አመስግኜ፣ ጠላ አጠጥቼ ሸኘኋቸው። ዋሲላንም ተቆጣኋት። 'የሰው ልጅ ሁሉ ጋቢ ይለብሳል፣ ዓይንሽን ታይው' አልኳት። እሷ ግን እንደ ሞኝ ድርቅ ብላ፣ 'የፍየሏ ገመድ አልቋልና ትቀይረው ብሎኛል' ትላለች። ፍየል የሌለው ቤት አለ ወይ? ተቀይማኝ ሄደች። ያ የማን ልጅ እንደሆነ እንጃ፤ እናቱን ያጽናት።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ በእጁ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ።

ጥሩአየሁ

*

ካርቱም፣ ጥር 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

እታለም፣

ከዚህ መስመር በታች ያለውን ብቻሽን አታንብቢ። ወረቀቱን እጠፊውና መሪጌታ ፈንቴን አስጠሪ፤ አያ ፈረደም ይኑሩ። ሰው አጠገብሽ ሲቀመጥ ቀጥዪ።

ውባንተን አላገኘሁትም። እኔ ጋ የለም፤ እኔ ጋ ኖሮም አያውቅም።

ያን ሐሙስ በእግሬ መሄድ እችል ነበር። ከአሳዳሪዬ ሱቅ እስከ ሎሪው ማራገፊያ ቅርብ ነው። መኪናውን ጠዋት ባቆምኩበት ትቼው መሄድ ነበረብኝ። ግን ልጁ ከሎሪ ሲወርድ አጎቱ በነጭ ቶዮታ ከተፍ ሲል እንዲያየኝ ፈለግኩ። ድሮ በሎሪ ያውቀኝ የለ? እዚህም ሰው ሆኛለሁ ለማለት። ያገኘሁትን ቦታ ለቅቄ ወጣሁና ሌላ አጣሁ። የቀረውን ጽፌልሻለሁ፤ ስለ ማቆሚያው የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። እየሮጥኩ ስደርስ ሎሪው ባዶ ነበር።

አንድ ተሸካሚ ጠየቅኩ። 'ጋቢ የለበሰ ሐበሻ ልጅ አላየህም?' አልኩት። 'አይቻለሁ' አለኝ። 'ጥለቱ አረንጓዴ ነው?' አልኩት። 'አዎ፣ አረንጓዴ' አለኝ። 'ረጅም ነው?' 'አዎ፣ ረጅም።' 'እዚህ ቆሞ ነበር?' 'ቆሞ ቆሞ ከሰዎች ጋር ሄደ' አለኝ። ዛሬ ሳስበው፣ ሰውዬው ከአፌ እየወሰደ መልሶ ለእኔው ሰጠኝ እንጂ ምንም አላየም። ያን ጊዜ ግን አመንኩት። ልጁ ንቅንቅ አልልም ብሎ ቆሞ ቆሞ፣ እኔ ከባለሱቅ ጋር ኮሌታ ተያይዤ ሳለሁ፣ ተስፋ ቆርጦ ሄደ ብዬ አመንኩ።

ዳቦ ቤቱን፣ ሻይ ቤቱን፣ ሐበሻ የሚሰበሰብበትን ሁሉ ፈለግኩት። ዛሬ ወይ ነገ አገኘዋለሁ፣ ደብዳቤዬ ኮኪት ሳይደርስ ውሸቴ እውነት ይሆናል አልኩ። ደግሞም አንቺ ብቻሽን ታነቢያለሽ። ልጅሽ ጠፋ የሚል ወረቀት፣ ደግፎ የሚይዝሽ ሰው በሌለበት ቤት እንዴት እልካለሁ? እንደዚያ ዓይነት ነገር በወረቀት አይነገርም ብለን አይደል ያደግነው? ራሴን በዚህ አታለልኩት። እውነቱን ልንገርሽና፣ አፍሬም ነበር።

የዋሲላን ነገር አነበብኩ። እሷ ያየችው ልጅ ውባንተ ቢሆንስ? እታለም፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ሽማግሎቹ ይሂዱ። ስለ እኔ የምትዪውን ኋላ ትያለሽ። አሁን ሂዱ።

ቢሻው

*

ኮኪት፣ ጥር 25 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለቢሻው፣

ደብዳቤህ በጥምቀት ማግስት ደረሰኝ። ማንንም አላስጠራሁም። ብቻዬን አነበብኩት። እንደምታየው አልሞትኩም።

አንብቤ እንደጨረስኩ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የፍየሏ ገመድ አንገቷ ሥር ካለው ቋጠሮ አጠገብ አልቆ በሁለት ክር ነው የቀረው። ከእኔና ከውባንተ በቀር ያንን ቋጠሮ የሚነካ የለም። እኔ እናቱ፣ ልጄ ምልክት አድርጎ የላከልኝን መልእክት 'ፍየል የሌለው ቤት አለ ወይ' ብዬ ሳቅኩበት።

ገንዳ ውሃ ሄድኩ። አያ ፈረደ፣ አያ አዛናውና መሪጌታም ተከትለውኝ መጡ። አዳራሹ ተጠርጓል፣ ለስብሰባ ወንበር ተደርድሮበታል። ዋሲላ ፊቷን አዞረችብኝ፤ እግሯ ላይ ስወድቅ ግን አነሳችኝ። ውባንተን የያዙት ከኮኪት በወጣ በማግስቱ ነው፤ ድንበሩን አላየም። የጫኗቸው በገና ማግስት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሻይ በሰጠችው ቁጥር፣ 'እናቴ ሽማግሎች ይዛ ትመጣለች' ይላት ነበር አለችኝ። በሩ የሚታይበት ቦታ እየመረጠ ይቀመጥ ነበር አሉ። መኪናው ሲነሳም ወደ ኮኪት መንገድ ዞሮ ነበር የቆመው።

አሁን የምልህን በደንብ አንብብ። አንተ ሐሙስ ዕለት ያንን ከተማ ስትዞር ውባንተ እዚህ ነበር። ያረፈድከው በሌለ ሰው ላይ ነው። የመኪናህ ነገር፣ የድንጋዩ ነገር፣ መታየት የፈለግከው ነገር፣ እሱን ይቅር ብዬሃለሁ፤ ገና ስትወለድ ጀምሮ አውቅሃለሁ። የሚያቃጥለኝ ቅዳሜ የጻፍከው ነው። 'አላየሁትም' ብለህ አንዲት ቃል ብትጽፍልኝ ሰኞ ሽማግሎቹ ይሄዱ ነበር። አንዲት ቃል፣ ቢሻው። ያቺ ቃል ብትገድለኝም ልጄን ታወጣው ነበር። አንተ እኔን ከድንጋጤ አተርፋለሁ ብለህ ልጄን ሰጠህብኝ። እኔም ዋሲላን አባረርኩና አገዝኩህ። ሁለታችንም እንዲሁ ነን።

ወንድሜ አይደለህም ልልህ ወረቀቱን ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ አልቻልኩም። ያሳደግኩህ እኔ ነኝ።

ደጄ ያለው ቁርቁራ ሥር፣ ዘይትህ ያጠቆረው ቦታ ላይ፣ ድንጋይ አስቀምጫለሁ። ሰሊጥ ሊጭን የመጣ ሹፌር አንስቶ ሊያቆም ሲል፣ የምጠብቀው ሰው አለ አልኩት። ግራ ገብቶት ሄደ።

ከእንግዲህ እንደ መሪጌታ ፈንቴ ማጠፍና መዋጥ የለም። ያየኸውን አየሁ በለኝ፣ ያላየኸውን አላየሁም በለኝ። እኔ ማንበብ የተማርኩት ደህና ነን ለሚል ወረቀት አይደለም።

ጥሩአየሁ

*

ከሰላ፣ ኅዳር 21 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለእታለም፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከግንቦት ወዲህ ውባንተ ሌላ ወረቀት አልላከም ያልሽውን አነበብኩ። የመጀመሪያውን፣ 'ጤነኛ ነኝ፣ ጠመንጃው ይከብዳል' ያለበትን፣ በእጅሽ ገልብጠሽ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ።

ከአሳዳሪዬ ከተለየሁ ወዲህ መኪና አልነዳሁም። እዚህ ወፍጮ ቤት ጆንያ እሸከማለሁ። ማቆሚያ መፈለግ ቀርቶልኛል። በሰሜን ጦርነት ተማርከው የተለቀቁት ወታደሮች በየሳምንቱ በካሚዮን ይመጣሉ፤ የሚወርዱበትን ቦታ አውቄዋለሁ፣ ከማለዳ ጀምሮ እቆማለሁ። አንቺ ልጁን እንዳዘዝሽው፣ የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ንቅንቅ አልልም።

ዛሬ የመጡት ብዙ ነበሩ። አንዱ ከኮኪት የመጣ ልጅ አብሮኝ ነበር አለኝ። ረጅም ነው ወይ፣ ግንባሩ ላይ ምልክት አለው ወይ ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። 'እስቲ እንዴት ያለ ልጅ ነው?' ብቻ አልኩት። አጭር ነው፣ ቀይ ነው፣ ጥርሱ ፍንጭት ነው አለኝ። የሀብትነሽ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ለእሷ ስትነግሪያት በሕይወት ነበር ማለቱን ንገሪያት፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን አላውቅም ብሏል፣ እሱንም ሳታስቀሪ ንገሪያት።

ካሚዮኑ ባዶውን ተመልሶ ሲሄድ አይቼ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ውባንተን ዛሬም አላየሁትም።

ወንድምሽ ቢሻው